ማብሪያ ማጥፊያችንን አትውሰዱብን

በታኅሣሥ ጫጫ ያደረ ሰው የምንለው ቶሎ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ ሸኖን ከነቅቤዋ አልፋችሁ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ የምታገኟት ከተማ ናት፤ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ። ማታ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጠዋት ሳሩ ላይ ነጭ ውርጭ ጋግሮ ታገኙታላችሁ። ሰው ጋቢውን ደርቦ ፀሐይን ይጠብቃል፤ ስትወጣ ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃታል።

እንግዲህ «ስማርት ሆም» የሚባለውን ነገር ፊት ለፊት ያገኘነው እዚህች ከተማ ውስጥ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ የጫጫ ልጅ ነው። ባህር ማዶ የሚኖር አጎቱ በ2014 ዓ.ም. ከዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ ፎቅ ቤት አሠራ። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት አክስቱ ናቸው (ከእንግዲህ አክስታችን እንበላቸው፤ ቆሏቸውንም ጠላቸውንም ቀምሰናል)። አጎታችን ሰው በመጣ ቁጥር በሻንጣ ዕቃ ይልካል፤ በስልክ የሚበራ አምፖል፣ በስልክ የሚታይ ካሜራ፣ ሲያናግሩት የሚመልስ ስፒከር።

ይህ አምፖል አንድ ጠባይ አለው። በስልክ እንዲታዘዝ የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ሁልጊዜ በርቶ መቆየት አለበት። አንድ ሰው ግድግዳው ላይ ካጠፋው አምፖሉ በድን ነው፤ ስልኩም አያገኘው። ስለዚህ አጎታችን ለሦስት ሳምንት መጥቶ ቤቱን ሲያደራጅ በየክፍሉ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ በነጭ ፕላስተር ሸፈነና በላዩ ላይ «አይነካም» ብሎ ጽፎ ሄደ።

እስቲ አስቡት! ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት በሚኖሩበት ቤት መብራት ለማጥፋት ስልክ መክፈት፣ አፕሊኬሽን መፈለግ፣ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ነገር መነካካት አለባቸው። ስፒከሩም ቢሆን አማርኛ አይሰማም። «እኔ ስጠራው ዝም፤ እሱ ከውጭ ሲያዘው እሺ። ጌታውን ያውቃል ማለት ነው» አሉን እየሳቁ። እኛ ግን መሳቅ አቃተን።

ከዚያ የ2015 ዓ.ም. ክረምት መጣ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአጎታችን ቤት የሚሠራው በሲም ካርድ ራውተር ነበር። በአንድ ጀንበር ካሜራው ታወረ፣ ስፒከሩ ደነቆረ። አምፖሎቹ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራሳቸውን ማብራት ልማዳቸው ነው። አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መብራት ሲመጣ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ቦግ አለ። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ሌሊት፣ ባዶ ክፍሎች በሙሉ ሲበሩ ብቻቸውን ለሚያድሩ ሴት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ጠዋት ተነስተው ፕላስተሩን አንድ በአንድ ልጠው ጣሉት። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ከሥር እንዳሉ ነበሩ። ይሠራሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አንጽፈውም ነበር። አጎታችን አሁን ደግሞ መስኮቱን ሊቀይር ነው። ቁልፍ ሲጫኑት በኤሌክትሪክ የሚጠቁር መስታወት የሆነ ቦታ አይቶ ልቡ ሸፍቷል።

የሚጠቁረው መስታወት ለማን ተሠራ?

ቴክኖሎጂውን አንንቀውም። መስታወቱ ላይ በዓይን የማይለዩ ስስ ንጣፎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ብዙ ጊዜ ተንግስተን ኦክሳይድ ነው። ጥቂት ቮልት ሲሰጠው የሊቲየም አዮኖች ወደዚህ ንጣፍ ይገባሉ፣ መስታወቱም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሰማያዊ ይጠቁራል። ኤሌክትሪኩ ሲገለበጥ አዮኖቹ ይወጣሉ፣ መስታወቱ ይጠራል። ኤሌክትሪክ በብዛት አይበላም። ድንቅ ሥራ ነው።

ግን ለምን ተሠራ? ፀሐይ በመስታወት ገብታ ሕንፃውን ስታግለው ማቀዝቀዣው የሚበላውን ኤሌክትሪክ ለመቀነስ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ከተማ ምን ሊቀንስ? ጫጫ ላይ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው እግዜር ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ! አጎታችን ፀሐይ እንዳትገባ በውድ ገንዘብ ሊከላከል የተነሳው ሰው ሁሉ ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ በሚደገፍበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው ይባላል። ከብርሃን ተራራ 20 ኪሎ ሜትር ርቀን ጨለማ ልንገዛ ነው።

የቤቱን ጉድ ደግሞ ስሙ። ትልቁ መስታወት የተገጠመው በስተሰሜን፣ ወደ መንገዱ ነው፤ ሰው እንዲያየው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብርዱ በሚበረታበት ጊዜ፣ ፀሐይ እዚህ አገር የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው። በደቡብ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ግን ያለችው አንዲት ትንሽ የመታጠቢያ ቤት መስኮት ናት። አክስታችን ጠዋት ጠዋት ከዚያ ሁሉ መስታወት ወጥተው ከቤቱ ጀርባ፣ ደቡብ ግድግዳ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሞቃሉ። ቤቱ «ብልህ» ነው፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትሄድ ግን አያውቅም። በባህር ዛፍና በጭቃ ቤት የሠሩ አያቶቻችን ያውቁ ነበር።

ይህ የጫጫ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ ሕንፃ የዘመናዊነት መታወቂያ ከሆነ ቆየ። ከሰዓት በኋላ ውስጡ የሚሠራ ሰው በመጋረጃ፣ በካርቶን፣ በተለጠፈ ጋዜጣ ፀሐይን ሲመክት ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ያለ ሐሳብ መስታወት እንደረድራለን፤ ከዚያ መስታወቱ ያመጣውን ችግር የሚፈታ ሌላ መስታወት ከውጭ እናስመጣለን።

አየር ላይና መሬት ላይ

«የሚጠቁር መስታወት ኢትዮጵያ ውስጥ የት አለ?» የሚለን አይጠፋም። አለ እንጂ! ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሲበርበት ኖረናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ተረከበ። የዚህ አውሮፕላን መስኮት እንደ ድሮው ወደ ታች የሚሳብ መሸፈኛ የለውም፤ ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ራሱ ይጠቁራል።

በዚህ አውሮፕላን የበረራችሁ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ መስኮቱ ግን እሺ አይልም። ምክንያቱም የሁሉም መስኮት ዋና መቆጣጠሪያ ያለው የበረራ አስተናጋጆቹ ጋ ነው። ተሳፋሪው ይተኛ ብለው ካጠቆሩት፣ እናንተ ደመና ማየት ብትፈልጉም ጠቁሮ ይቆያል። አውሮፕላን ላይ ይህ ትክክል ነው። ሦስት መቶ ሰው ተሳፍሯል፣ ሥርዓት ያስፈልጋል፣ ቤቱም የእናንተ አይደለም፤ ለጥቂት ሰዓት የተከራያችሁት ወንበር ነው።

ጠባችን እዚህ ላይ ነው። ስማርት ሆም ብለው የሚሸጡልን አብዛኛው ዕቃ በራሳችን ሳሎን ተሳፋሪ ያደርገናል። አንዲት ቁልፍ ይሰጡናል፤ ዋናው መቆጣጠሪያ ግን ሌላ ሰው ጋ ነው።

ዋናው ቁልፍ ማን ጋ ነው?

አንደኛ፣ ኩባንያው ጋ ነው። ሪቮልቭ የሚባል የቤት መቆጣጠሪያ ነበር፤ 300 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። የጎግሉ ኔስት ገዛው፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 አገልግሎቱን ዘጋው። የሰው ዕቃ በሰው ቤት ውስጥ በድን ሆነ። ኢንስቲዮን የተባለው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ሰርቨሩን ሲዘጋ ደንበኞቹ በቅጡ እንኳ አልተነገራቸውም። በሚጠቁር መስታወት ስሙ የገነነው የአሜሪካው ቪው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ይህ ሁሉ የሆነው ፍርድ ቤትና ጠበቃ ቅርብ በሆነበት አገር ነው። ጫጫ ላይ የተገዛ ዕቃ ሲሞት ለማን አቤት ይባላል?

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔቱን የሚዘጋው ጋ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውን ታውቃላችሁ። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት የሆነውን አክስታችን ነግረዋችኋል። የመብራታችሁ ትእዛዝ በሌላ አህጉር ያለ ሰርቨር ደርሶ የሚመለስ ከሆነ፣ ኢንተርኔት የሚዘጋ ሰው መብራታችሁን ነክቷል ማለት ነው። ሳያስበው እንኳ!

ሦስተኛ፣ የሚያየው ጋ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በቻይና ተሠርቶ ጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018፣ የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ ከሕንፃው ሰርቨሮች መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይላክ እንደነበር ጻፈ። ቻይና አስተባበለች። እውነቱ የትኛውም ይሁን፣ የአህጉሩ መሪዎች ሕንፃ እንዲህ ከተጠረጠረ፣ ከገበያ በርካሽ የገዛናት ካሜራ ሳሎናችንን ለማን እንደምታሳይ ማን አጣርቶ ያውቃል? አክስታችን መላ አግኝተዋል። ካሜራዋ ላይ ሻሻቸውን ጥለውባታል።

«ኋላ ቀሮች ናችሁ»

ይህን መልስ እየጠበቅነው ነው። ስልክ ሲመጣ የሰይጣን ድምፅ ነው ያሉ ነበሩ ይባላል። ስልክ ወደዚህ አገር ያስገቡት ዐፄ ምኒልክ ደግሞ የተወለዱት እዚሁ ጫጫ አጠገብ፣ አንጎለላ ነው። ስለዚህ የአካባቢው ሰው አዲስ ነገር ይጠላል የሚለን ታሪክ አያውቅም። እኛም ቴክኖሎጂ አይምጣ አላልንም። ያልነው፣ ቴክኖሎጂ ከመጣ ለእኛ ይታዘዝ ነው።

«ቁጠባ ነው» የሚለውንም እንይ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3,600 ዋት ብንል አራት መቶ ባለ 9 ዋት አምፖል ማለት ነው። በስልክ የሚታዘዘው አምፖል ግን ጠፍቶም ትእዛዝ ሲጠብቅ እስከ ግማሽ ዋት ገደማ ይስባል፤ ሌት ተቀን። የመብራት ታሪፍ ከፍ እያለ ባለበት በዚህ ጊዜ ለቁጠባ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያሻሽለው ምጣዱን ነው። ሙቀቱን የማያባክን ምጣድ የሚሠራ ወጣት ከመቶ በስልክ ከሚበራ አምፖል ይልቅ ለዚህ አገር ይጠቅማል። ምጣድ ግን ማስታወቂያ ላይ አያምርም፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ መብራት የሚያጠፋ ወጣት ነው የሚያምረው።

«ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፣ ከእንግዲህ መብራት አይጠፋም» የሚልም አለ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኛም ደስ ብሎናል። 5,150 ሜጋ ዋት ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ኃይሉ ተርባይኑ ላይ ስለመነጨ ብቻ ጫጫ ያለው ምሰሶና ትራንስፎርመር አይታደስም። ቤት የሚሠራ ሰው ነገ በሚመጣው ሳይሆን ዛሬ ባለው መስመር ነው የሚኖረው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩን ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል? መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ምን ያደርጋል? ስልኩን የማይችል ሰው በእጁ ሊያዘው ይችላል? ለሦስቱም ቀጥተኛ መልስ ካጣ ወደ ሌላ ሱቅ እለፉ። ከቤት ሳይወጣ የሚሠራ መፍትሔም አለ። ሆም አሲስታንት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ቤት ውስጥ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ትእዛዙ ከግቢያችሁ አይወጣም። አምፖሉን ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ የሚቀይር ዕቃም አለ፤ ስልክም ያዘዋል፣ እጅም ያዘዋል። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማራችሁ ልጆች፣ ሥራ ስትፈልጉ ይህንን አስቡበት።

ለሪል ስቴቶች ደግሞ ይህን እንላለን። «ስማርት» የሚለውን ቃል ብሮሹር ላይ ከማተማችሁ በፊት መስኮቱን ፀሐይ ወደምትመጣበት አዙሩት። ኮርኒሱን በቅጡ ሥሩት። በብረት መስኮቱ ዙሪያ ነፋስ የሚገባበትን ክፍተት ድፈኑ። ለደጋ ቤት በመካከሉ አየር ያለበት ድርብ መስታወት ከሚጠቁር መስታወት አሥር ጊዜ ይሻላል። እነዚህ ሁሉ ሰርቨር አይፈልጉም፣ ኩባንያ ሲከስር አይሞቱም።

ለአጎታችንም መልእክት አለን። ቤቱን የሠራኸው ለእህትህ ፍቅር እንደሆነ እናውቃለን። ከሩቅ ያለ ሰው ናፍቆቱን በካሜራ ሊወጣ ይሞክራል፤ አንፈርድብህም። ግን ቤቱ ውስጥ የሚበርዳቸው እሳቸው ናቸው። ለሚጠቁረው መስታወት ያዘጋጀኸውን ገንዘብ ላክልንና በደቡቡ ግድግዳ ሰፋ ያለ ተራ መስኮት እናስከፍትላቸው። ለገና ስትመጣ ከውጭ በርጩማ ላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ ባናቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ፀሐይ ሲሞቁ ታገኛቸዋለህ።

ፕላስተር ግን ይዘህ እንዳትመጣ።