ደባርቅን የሚቀርጽ ዳይሬክተር

ደባርቅና ዳባት ውስጥ ካሜራ ይዞ የሚውል ወጣት እንጀራው በአብዛኛው ሰርግ፣ ምርቃትና ጥምቀት ነው። ራፕ የሚሠራ ጓደኛው «ክሊፕ እንሥራ» ሲለው ግን የሁለቱም ሐሳብ ቀድሞ ወደ ሰሜን ተራሮች ገደል ይሄዳል። ጭላዳው፣ ጅባራው፣ ከበስተኋላ የሚንሳፈፈው ጉም ይታያቸዋል።

ገደሉ በእርግጥ ያምራል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ራስ ደጀንም ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። የሂፕ ሆፕ ክሊፕ ዳይሬክተርን ታላቅ ያደረገው ግን ሰፈሩን አይቶ ማሳየቱ ነው።

ዳይሬክተር ኤክስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካናዳዊው ጁሊየን ክርስቲያን ሉትዝ የጀመረው በቶሮንቶው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ማችሚዩዚክ በተለማማጅነት ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የራፕ ክሊፕን መልክ የቀየረው ሃይፕ ዊሊያምስ ዘንድ ገብቶ ሠራ። ሃይፕ ፊትን አስፍቶና አጉብጦ በሚያሳይ ሌንስ፣ በደማቅ ቀለምና በብርሃን የሚታወቅ ነው። ተማሪው ለጌታው ስቶሪቦርድ (የትዕይንቶችን ቅድመ ንድፍ) እየሳለ እያንዳንዱ ምስል ከመቀረጹ በፊት እንዴት እንደሚታሰብ ተማረ። ራሱን ችሎ ሲወጣ የሾን ፖልን ክሊፖች ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ሱፐርፍላይ» የተሰኘውን ፊልም አዘጋጀ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለደባርቅ ወጣት የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለራፐሩ ድሬክ በሠራው «ስታርትድ ፍሮም ዘ ቦተም» ውስጥ የቶሮንቶ በረዶ ይታያል፤ ዝነኛው ዘፋኝም በአንድ ተራ የመድኃኒት መደብር ሠራተኛ ሆኖ ቀርቧል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለራፐሩ ኬንድሪክ ላማር «ኪንግ ኩንታ»ን ሲቀርጽ ወደ ዘፋኙ የትውልድ ከተማ ወደ ኮምፕተን ሄደ፤ የሰፈሩን የገበያ አዳራሽና ሕዝቡንም በካሜራው ፊት አቆመ። ተመልካቹ ከተማውን ያወቀው በሱቁና በገበያው ነው።

በአገራችንም ራፐሩ ቴዲ ዮ በ«ጉራጌ ቶን» የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አዋህዶ የራስ የሆነ ነገር እንደሚያዋጣ አሳይቷል። ሰሜንም የሚነገር ታሪክ ሞልቶታል። በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውስጥ ወጥተው ደባርቅ የሰፈሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች አዲሱን ኑሮ እንዴት ለመዱት? በጣሊያን ወረራ ዘመን በገደሉ ላይ የተቀደደውን የሊማሊሞን መንገድ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሹፌር በእያንዳንዱ ኩርባ ምን ያስባል? ዳባት አጠገብ በአለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ የተጠለለው ኤርትራዊ ወጣት ምን ዓይነት ዜማ ይሰማል? የገብስ ገበያውስ? ራፕ እንዲህ ያለ ወሬ ነጋሪ ነው፤ ካሜራውም አብሮት መሄድ አለበት።

ሙያ ስምም ይፈልጋል። ኤም ቲቪ ከዘፋኙና ከዘፈኑ ስም ጎን የዳይሬክተሩን ስም በስክሪን ላይ ማስፈር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ተመልካች ዳይሬክተሩን በሥራው እየለየ መከተል ቻለ፤ ዳይሬክተሩም በስሙ ሥራ መጠየቅ ጀመረ። ስሙ ያልተጻፈለት ባለሙያ ግን ክሊፑ የቱንም ያህል ቢታይ ቀጣዩን ሥራ የሚያመጣለት ምስክር የለውም።

ዳይሬክተር ኤክስ ሙያውን የለመደው በተለማማጅነት ነው፤ ስለዚህ እዚህም ደባርቅ ዩኒቨርሲቲና የከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በጋራ አንድ ክፍል ከፍተው ካሜራ፣ መብራትና ኤዲቲንግ ቢያስተምሩ ብዙ ወጣት ሙያ ያገኛል። ሰርግ የሚቀርጹት አንጋፋዎች ተለማማጅ ይያዙ። የፓርኩ አስተዳደርም ለአካባቢው ወጣቶች የቀረጻ ፈቃዱን ያቅልልላቸው። ሙዚቀኞች ሆይ፣ ክፍያችሁን ከቀረጻው በፊት ተስማሙ፤ የዳይሬክተሩን፣ የካሜራማኑንና የኤዲተሩንም ስም በክሊፑ ላይ ጻፉ።