የጋራ ካሜራ ላይ ማጥፋት ይቅር

የምርቃት ሰሞን ሲደርስ የጀመዓው ካሜራ ሥራ ይበዛበታል። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይዞራል፣ እህቶች ጋር ይደርሳል፣ ማታ ባትሪው አልቆ ይመለሳል። በዚያ ካርድ ላይ ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡ እናትና አባት አሉ። ልጃቸው ጋውን ለብሶ መሀላቸው የቆመበት ፎቶ ደግሞ ተመልሶ የሚነሳ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቅርብ፦ የጋራ በሆነ ካሜራ ላይ ማንም ሰው ፎቶ አያጥፋ። ማጥፋት ካስፈለገ ኮምፒውተር ላይ፣ ኮፒው ከተያዘ በኋላ ይሁን።

ፎቶ የሚጠፋው በጣት ስሕተት ይመስለናል። ለጣቱ ዕድሉን የሚፈጥርለት ግን ልማዳችን ነው። ፕሮግራሙ እየተካሄደ፣ ሰው እየጠራን፣ «የደበዘዙትን ላጽዳ» ብለን የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ያለባትን በተን ደጋግመን እንጫናለን። ካሜራው በየጊዜው «ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሃያኛው ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄውን ማንበብ ትተን እጃችን ብቻ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ በትንሿ ስክሪን፣ ፀሐይ ላይ ቆመን «የማይረባ» ያልነው ፎቶ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቦታ ለመቆጠብ ነው የሚለው ምክንያትም ሒሳብ ሲሠራ አያዋጣም። አንድ ጄፔግ ፎቶ 10 ሜጋባይት ቢሆን ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ ወደ 3000 ፎቶ ይይዛል። አስር ደብዛዛ ፎቶ አጥፍተን የምናተርፈው 100 ሜጋባይት ብቻ ነው። ካርድ የሚጨርሰው ቪዲዮ ነው፤ የእሱ መፍትሔ ደግሞ ሁለተኛ ካርድ መግዛት ነው።

ካሜራዎቹ የራሳቸው መከላከያ አላቸው፤ ልኩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ካኖንም ሆነ ኒኮን ላይ በቁልፍ ምልክት የሚታወቅ፣ «ፕሮቴክት» የሚባል ትእዛዝ አለ። በእሱ የተቆለፈ ፎቶ በማጥፊያው በተን አይጠፋም። ካርዱ ፎርማት ከተደረገ ግን የተቆለፈውም ያልተቆለፈውም አብሮ ይሄዳል። ኤስዲ ካርድ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ማንሸራተቻ ከዚህ የበለጠ ትጠቅማለች፤ ወደ «ሎክ» ከተገፋች ካሜራው ያንን ካርድ ማጥፋትም ፎርማት ማድረግም እምቢ ይላል። የሚገርመው፣ ማንሸራተቻዋ ከውስጡ ቺፕ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። ያለችበትን ቦታ አይቶ መጻፍ የሚያቆመው ካሜራው ወይም ካርድ አንባቢው ነው። የሞላ ካርድ ከካሜራው ሲወጣ መጀመሪያ እሷን መግፋት ይልመድብን። ማይክሮ ኤስዲ ላይ የለችም፤ ያለችው አዳፕተሩ ላይ ነው።

መድረሳ የተማርን ሰዎች ሉሕ እናውቃለን። የተጻፈውን ኡስታዙ ፊት በቃላችን ሳንወጣ ሉሑ አይታጠብም ነበር። ካርድም ፎቶዎቹ ሌላ ሁለት ቦታ ላይ ተከፍተው ሳይታዩ ፎርማት መደረግ የለበትም። «ተከፍተው» ያልነው ሆን ብለን ነው፤ የፋይሉ ስም መታየቱ ፎቶው መኖሩን አያረጋግጥም። ስናወርድም «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» እናድርግ። በዝውውር መሀል መብራት ቢሄድ ኮፒ የተደረገው ካርዱ ላይ ይቀራል። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክተን የምናጠፋውን ፎቶም ሪሳይክል ቢን ውስጥ አናገኘውም፤ ዊንዶውስ ከካርድና ከፍላሽ የጠፋን ፋይል እዚያ አያስቀምጥም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። አንዲት እህት ሳታስበው ፎቶ ውስጥ ገብታ «አጥፉልኝ» ብትልስ? መብቷ ነው። «ካሜራ ላይ አናጠፋም» የሚለው ሕግ እሷ ላይ አይሠራም። ያ አንድ ፎቶ ብቻ፣ እሷ እያየች፣ ሌላ ሥራ ቆሞ ይጥፋላት። ግን የምሕንድስና ተማሪዎች እንደመሆናችን «ጠፍቷል» ብለን ብቻ ብናሰናብታት እውነቱን ሙሉ አልነገርናትም። ካርዱ ማውጫ አለው። ካሜራው ሲያጠፋ የፎቶውን ስም የመጀመሪያ ፊደል በሌላ ምልክት ይተካና ቦታው ክፍት ነው ብሎ ይመዘግባል፤ ቢያንስ በፋት32 አሠራሩ ይህ ነው። ምስሉ ራሱ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተቀምጧል። ካርዱ በውሰት ለሌላ ሰው ቢሄድ፣ ያ ሰው በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ቃላችንን የምንሞላው ማታ ነው፦ ሌሎቹ ፎቶዎች ሁለት ቦታ ከተቀመጡ በኋላ ካርዱን ዊንዶውስ ላይ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንስተን ሙሉ ፎርማት ማድረግ። ጊዜ ይወስዳል፤ ካርዱን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። ከዚያ ካሜራው ውስጥ መልሰን አንዴ ፎርማት ካደረግነው ለቀጣዩ ፕሮግራም ዝግጁ ነው። አማናው ሁለት ዓይነት ነው፤ የተመራቂው ፎቶ እንዲቆይ፣ የእህታችን ፎቶ እንዳይቆይ።

ይኸው አሠራር በስሕተት ለጠፋው ፎቶም ተስፋ ነው። ፎቶ መጥፋቱ እንደታወቀ ካሜራውን ማጥፋት፣ ካርዱን ማውጣት፣ ማንሸራተቻዋን መግፋት። አንድ ተጨማሪ ፎቶ እንኳ አይነሳበት፤ አዲሱ ፎቶ የሚያርፈው በጠፋው ላይ ሊሆን ይችላልና። «ፎቶሬክ» የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ማውጫውን ትቶ ካርዱን በቀጥታ እያነበበ የጄፔግ ፋይል የሚጀምርበትን ምልክት ይፈልጋል። የሚያገኘውን ካርዱ ላይ ሳይሆን ላፕቶፑ ላይ እናስቀምጠው። ዊንዶውስ «ካርዱ ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል መልእክት ቢያመጣም መልሱ «ካንስል» ነው። አንዳንዴ ደግሞ የጠፋ ነገር ላይኖር ይችላል። ፍላሽ ላይ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ ካርድም አይምርም፤ ተስፋ ከመቁረጣችን በፊት የተደበቁ ፋይሎችን ማሳየት የሚለውን ከፍተን እንይ።

ለሚዲያ ክፍላችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለተኛ ካርድ፣ «የሞላ» እና «ባዶ» ተብሎ የተጻፈባቸው ሁለት ትንንሽ ፖስታዎች፣ በየፕሮግራሙም ማታ ፎቶ የሚያወርድ አንድ ስሙ የታወቀ ሰው። አንዱ ኮፒ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ዶርም ውስጥ ከላፕቶፑ ጋር የማያድር ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ሌባ ላፕቶፑን ሲወስድ ቦርሳውን ከነሃርድ ዲስኩ ነው የሚወስደው። ቴሌግራም ላይ ለተመራቂዎች ስንልክም በ«ፎቶ» ሳይሆን በ«ፋይል» እንላክ። በፎቶ የሄደው ተጨምቆ ስለሚደርስ፣ ቤተሰብ አሳጥቦ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ሲያስበው ጥራቱ ያንሳል።