ወሰን ተሻግሮ የሠራ ነጋዴ ሁለቴ ሊከፍል አይገባም



በሐዋሳ አንድ ሱቅ፣ በወላይታ ሶዶ ሌላ ሱቅ፣ በሆሳዕና መጋዘን ያለው፣ ቦንጋም ቅርንጫፍ የከፈተ አንድ ግለሰብ ነጋዴ አለ እንበል። ይህ ሰው እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ክልል ውስጥ የሚሠራ ነጋዴ ነበር። በዚያ ዓመት ሲዳማ ክልል ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ነጋዴው ከቤቱ አልወጣም፤ አዲስ ሱቅም አልከፈተም። ዛሬ ግን በአራት ክልሎች የሚሠራ፣ አራት የገቢዎች ቢሮ የሚጠይቀው ሰው ሆኗል።

ሕዝቦች በክልል የመደራጀት መብታቸውን እኛ አንነካም፤ ፓርቲያችን የሚያነሣው ሌላ ጥያቄ ነው። ክልሎች ከዘጠኝ ወደ ዐሥራ ሁለት ሲያድጉ፣ በራሱ ስም፣ በራሱ ጉልበትና በራሱ ገንዘብ የሚሠራው ግለሰብ ግብሩን ለማን፣ በምን ስሌት እንደሚከፍል በግልጽ የነገረው አለ ወይ? የለም ብለን እናምናለን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ንዑስ አንቀጽ 4 በክልላቸው በሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎች ላይ የንግድ ትርፍ ግብርና የሽያጭ ታክስ የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣንን ለክልሎች ሰጥቷል። የድርጅቶች ትርፍ ግብር ግን በአንቀጽ 98 የፌዴራልና የክልሎች የጋራ ገቢ ነው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ይህን የጋራ ገቢ በቀመር ያከፋፍላል። የግለሰብ ነጋዴ ግብር የጋራ ስላልሆነ ቀመሩ አይደርስለትም። በሁለት ክልሎች የተገኘ ትርፍ እንዴት እንደሚለይ ሕገ መንግሥቱ ዝም ይላል። ሱቁ ያለበት ክልል «ትርፉ የተገኘው እዚህ ነው» ይላል፤ ነጋዴው የሚኖርበት ክልል «ሰውየው የእኔ ግብር ከፋይ ነው» ይላል። ሁለቱም ሕግ ጠቅሰው ይናገራሉ፤ የሚከፍለው ግን አንዱ ሰው ነው።

ወደ ጽሕፈት ቤታችን የመጣ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያጫወተን ከዚህ የተለየ አይደለም። ቤተሰቡ የሚኖረው በአንድ ክልል ከተማ ነው፤ እሱ ግን ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ ይሄዳል። የዓመቱን ግማሽ በሌላ ክልል ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በአግባቡ የቅርንጫፍ ፈቃድ አውጥቶ ሠራ። እዚያው ግብሩን ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ተመለሰ። ፈቃዱን ለማሳደስ ክሊራንስ ሲጠይቅ «የዓመቱን ገቢህን በሙሉ አስታውቅ» ተባለ። ደረሰኙን ሲያሳይ «ይህ የሌላ ክልል ደረሰኝ ነው፤ እኛን አይመለከትም» አሉት። ፈቃዱ እንዳይቃጠልበት ተበድሮ ከፈለ። በሚቀጥለው ዓመት ያደረገውንም አልደበቀንም፦ የቅርንጫፍ ፈቃዱን መልሶ ያለ ደረሰኝ መሥራት ጀመረ። ይህ ጥፋት መሆኑን ነግረነዋል። አፋችንን ሞልተን ልንወቅሰው ግን አልቻልንም። ግብር ከፋይ የነበረን ሰው ከመዝገብ ያስወጣው ያው መዝጋቢው ነውና።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የፌዴራል የገቢ ግብር መጣኔ መሠረት የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ግለሰብ ነጋዴ በዓመት እስከ 24,000 ብር ትርፉ ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ከ15 በመቶ እየጀመረ ከ168,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ክልሎች የየራሳቸውን አዋጅ ቢያወጡም ለስሌታችን ሁሉም ይህንኑ መጣኔ ይጠቀማሉ እንበል። አንዲት ነጋዴ አዳማ ላይ 120,000 ብር፣ ሐዋሳ ላይም 120,000 ብር አተረፈች። ሁለቱ ቢሮዎች የየራሳቸውን ብቻ ቢያሰሉ ለእያንዳንዱ 19,800፣ በድምሩ 39,600 ብር ትከፍላለች። ያንኑ 240,000 ብር በአንድ ከተማ ያተረፈች ጎረቤቷ ግን 59,400 ብር ትከፍላለች። የምትኖርበት ክልል ጠቅላላውን፣ ሐዋሳም የራሱን ካስከፈላት ደግሞ ዕዳዋ 79,200 ብር ይሆናል። አንድ ዓይነት ትርፍ፣ ሦስት ዓይነት ግብር! የትኛው እንደሚደርስባት የሚወስነው ሕጉ ሳይሆን መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው።

የእኛ አቋም 59,400 ነው። ይህን ስንል ቅር የሚላቸው ደጋፊዎች እንዳሉን እናውቃለን፤ ሁለት ቦታ ተከፋፍሎ 39,600 መክፈል የለመደ አለና። ነገር ግን በአንድ ከተማ ተቀምጣ ያንኑ ያህል የምታተርፈው ሴት ለሌላው ቅናሽ ልትከፍል አይገባም። ወሰን መሻገር አያስቀጣም፤ አያሸልምምም።

ለአነስተኛው ነጋዴ ነገሩ የባሰ ነው። ማሻሻያው የግብር ከፋይ ደረጃዎችን ወደ ሁለት ሲያጥፍ መለያውን 2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ አድርጎታል። በአንዱ ክልል 1.2 ሚሊዮን፣ በሌላውም 1.2 ሚሊዮን የሚሸጥ ሰው ታዲያ ደረጃው የትኛው ነው? ለእያንዳንዱ ቢሮ ደረጃ «ለ» ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ደረጃ «ሀ»። ዘንድሮ አንዱን ብለውት ከርሞ ሌላውን ቢሉት «የሂሳብ መዝገብ ለምን አልያዝክም» ተብሎ መቀጫ ሊጣልበት ይችላል። የግምት ነገር ምን እንደሚያስከትል በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ አይተናል፤ የዕለት ገቢ ግምቱ ሲነገር በአዲስ አበባና በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎችም ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ነበር። ያ ግምት ከአንድ ቢሮ የመጣ ነበር። ሁለት ቢሮ ሲገምትማ አስቡት።

«ታዲያ ለምን ማኅበር አያቋቁሙም?» የሚሉን ባለሥልጣናት አሉ። የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን መፍቀዱ እውነት ነው። ድርጅት ግን ከትርፉ የመጀመሪያ ብር ጀምሮ 30 በመቶ ይከፍላል፤ ከግብር ነፃ የሆነ መነሻ የለውም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺውን፣ ልብስ ሰፊዋን ወደዚያ መግፋት መፍትሔ አይደለም።

መፍትሔው በሌሎች ፌዴሬሽኖች የታወቀ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ በግላቸው የሚሠሩ ወገኖቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ሜሪላንድ ውስጥ በግል ሥራው ካተረፈ ለሜሪላንድ ይከፍላል፤ ቨርጂኒያም በነዋሪነቱ ጠቅላላ ገቢውን ካሰላች በኋላ ለሜሪላንድ የከፈለውን በተወሰነ ገደብ ትቀንስለታለች። ሜሪላንድ ራሷ በሌላ ግዛት ለከፈሉ ነዋሪዎቿ የግዛቱን ድርሻ ብቻ ቀንሳ የካውንቲውን አልቀንስም ስትል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ አሠራሯን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው አለው። ምክንያቱም ከግዛቱ ወጥቶ የሚሠራውን እዚያው ከሚሠራው ይበልጥ ያስከፍላል የሚል ነበር። ስዊዘርላንድ ደግሞ በካንቶኖች መካከል ድርብ ግብርን በሕገ መንግሥቷ ከልክላለች።

የእኛም ሕገ መንግሥት ባዶ አይደለም። አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 32 በመረጠው ቦታ የመኖር መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 51 እና 55 በክልሎች መካከል የሚደረግን ንግድ የመምራትና በዚያ ላይ ሕግ የማውጣት ሥልጣንን ለፌዴራሉ መንግሥትና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥተዋል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሥልጣኑ በእጃቸው ነበር።

መራጩ ሕዝብ ድምፁን ከሰጠን ፓርቲያችን ይህን ሕግ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ግለሰብ ነጋዴ በሚኖርበት ከተማ አንድ የግብር ማስታወቂያ ያቀርባል፤ የየክልሉን ሽያጭና ወጪ እዚያው ለይቶ ያሳያል። ትርፉ የተገኘበት ክልል የራሱን ድርሻ ያገኛል፤ የመኖሪያው ክልል ያንን ቀንሶ ቀሪውን ይሰበስባል። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ ሐዋሳ 19,800፣ አዳማ 39,600 ብር ይደርሳቸዋል ማለት ነው። ሒሳቡን የሚያወራርዱት ቢሮዎቹ እርስ በርሳቸው እንጂ ነጋዴው ወረቀት ይዞ እየተመላለሰ አይሆንም፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በመላ አገሪቱ አንድ ስለሆነ ይህ የሚከብድ አይደለም። የአንዱ ክልል ክሊራንስ በሌላው ይጸናል። በዓመቱ መካከል ከክልል ወደ ክልል የተዛወረ ሰውም የኖረበትን ወር ቆጥሮ ያስታውቃል።

ክልሎች ቢጣሉስ? ይጣላሉ፤ ገንዘብ ነውና። ክርክሩን ግን ነጋዴውን በመካከል ሳያቆሙ እርስ በርሳቸው ያድርጉት። የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ሲወጣ ግብር ከፋዩ ለይግባኝ ኮሚሽን አቤት ለማለት ከሚከራከርበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ እንዲያስይዝ ደንግጓል። ሁለት ክልሎች በአንድ ትርፍ ላይ በተጋጩበት ጉዳይ ማስያዣ የሚባል ነገር እንዳይኖር እናደርጋለን።

እስከዚያው ግን ሐምሌ አይጠብቅም። በሁለት ክልል የምትሠሩ ሁሉ የየቅርንጫፉን ደረሰኝና ወጪ ለየብቻ ያዙ። ግብር የከፈላችሁበትን ገቢ መጠን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከየቢሮው በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከከለከሏችሁም የከለከላችሁን ሰው ስምና ቀኑን መዝግቡ። «የሌላ ክልል ነው» ተብላችሁ ስትመለሱ መልሱን በቃል አትቀበሉ። የወረቀቶቻችሁን ቅጂ ወደ ፓርቲያችን የከተማ ጽሕፈት ቤቶች ብታመጡ የሕግ ባለሙያዎቻችን ያለ ክፍያ አቤቱታችሁን ይጽፉላችኋል፤ የፓርቲው አባል መሆናችሁንም አይጠይቁም።