ከመጻፍ በፊት ማንበብ፦ የላፕቶፕ ፈርምዌር ጥገና የጎደለው ሥርዓት

ላፕቶፕ ሲበራ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ከመነሣቱ አስቀድሞ ሥራ የሚጀምረው ፈርምዌር ነው፤ በተለምዶ «ባዮስ» ይባላል። የሚቀመጠውም በዲስክ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ በተበየደች፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት እግር ባላት ትንሽ የፍላሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ማሻሻያ በሚጫንበት ጊዜ መብራት ከተቋረጠና ባትሪው ካልያዘ፣ ወይም ማሻሻያው ራሱ እንከን ካለበት፣ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨልሞ ሊቀር ይችላል። ጥገና ቤቶች ለዚህ የሚሰጡት የተለመደ መልስ በቺፑ ላይ ሌላ ፋይል መጻፍ ነው። ሆኖም ሳይመረመርና የቀድሞው ይዘት ሳይቀመጥ የሚደረግ ጽሕፈት ከመጀመሪያው ብልሽት የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የፈርምዌር ጥገና የመጀመሪያ ሕግ ሊሆን የሚገባው «ከመጻፍ በፊት ማንበብ» ነው።

የምርመራን ቀዳሚነት ከሚያስረዱ አጋጣሚዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 የታየው ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር የወጣው ኡቡንቱ 17.10 በተለይ በአንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ እንግዳ ችግር አስከተለ። ተጠቃሚው በባዮስ ውስጥ የሚያደርገው ለውጥ አልቀመጥ አለ፤ አንዳንዶቹም ከዩኤስቢ መነሣት ተሳናቸው። መንሥኤው የኢንቴልን ፍላሽ የሚቆጣጠር፣ በከርነሉ ውስጥ እንዲሠራ የተደረገ ድራይቨር ነበር። ካኖኒካል በታኅሣሥ ወር ስርጭቱን ከማውረጃ ገጹ አነሣ። ቺፑ ግን አልሞተም፤ እንዳይጻፍበት ተቆልፎ ነበር። ለብዙዎቹም የተስተካከለ ከርነል ጭኖ ኮምፒዩተሩን ዳግም ማስነሣት በቂ ሆነ። መንሥኤውን ሳይጠይቅ ቺፑን ለመንቀል የቸኮለ ጠጋኝ ያልታመመውን አካል በቆረጠ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከቺፑ ይዘት ይመነጫል። በውስጡ ያለው ፕሮግራም ብቻ አይደለም። የላፕቶፑ መለያ ቁጥር፣ በበርካታ ላፕቶፖች ደግሞ የዊንዶውስ ፈቃድ ቁልፍና የኔትወርክ ካርዱ አድራሻ የሚገኙት እዚያው ነው። ተመሳሳይ ሞዴል ካለው ሌላ ላፕቶፕ የተወሰደ ፋይል እንዳለ ከተጻፈበት ኮምፒዩተሩ በሌላ ሰው ስም ይነቃል። አንድ የኔትወርክ አድራሻ የያዙ ሁለት ማሽኖች በአንድ ቢሮ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባለው ክፍል ከቦርዱ ጋር ሳይስማማ ሲቀርም፣ በየ30 ደቂቃው ራሱን የሚያጠፋ ላፕቶፕ ያጋጥማል።

ከሁሉ የሚከብደው የመረጃ ጉዳይ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ፣ ፈርምዌሩ ሲለወጥ ወይም ማዘርቦርዱ ሲቀየር ሥርዓቱ ባለ48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉን ያላስቀመጠ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ላፕቶፑ «ተሠርቶ» ቢመለስለትም፣ ሌላ ቅጂ ከሌለው የሁለት ዓመት የመስክ መረጃው ከተቆለፈ በር ጀርባ ይቀራል። ጥገናው በጠጋኙ ዓይን የተሳካ፣ በባለቤቱ ዘንድ ግን ኪሳራ ነው።

ስለሆነም ሥራው ቅደም ተከተል ሊኖረው ይገባል። በቅድሚያ አምራቹ ያዘጋጀው የማገገሚያ መንገድ ይሞከር፤ በብዙ የኤችፒና የዴል ላፕቶፖች ትክክለኛውን ፋይል በዩኤስቢ አዘጋጅቶ የተወሰኑ ቁልፎችን ተጭኖ በማስነሣት ባዮሱን መመለስ ይቻላል። ይህ ካልሠራ ባትሪውና ቻርጀሩ ይነቀሉ፤ የቺፑም ቮልቴጅ ይረጋገጥ፤ ለ1.8 ቮልት የተሠራን ቺፕ በ3.3 ቮልት መንካት ሊያቃጥለው ይችላልና። ቀጥሎ ይዘቱ ሁለት ጊዜ ተነቦ ይነጻጸር። ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የመቆንጠጫው አያያዝ ነው። ከተመሳሰሉ ቅጂው ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ የማሽኑን ማንነት የያዘው ክፍል ሳይነካ የፕሮግራሙ ክፍል ብቻ ከአምራቹ በተገኘ ፋይል ይተካ። በመጨረሻም ቅጂውና የተሠራው ሥራ ዝርዝር ለባለቤቱ በጽሑፍ ይሰጠው።

ይህ ሥርዓት ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋም ያስወድዳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ደንበኛው የሚፈልገው ላፕቶፑ እንዲበራ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ነገር ግን የ16 ሜጋባይት ቺፕ ንባብ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ቅጂውም በእጅ ስልክ ውስጥ ቦታ የማይሞላ ፋይል ነው። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ልማድ ነው።

ልማዱን ለማስጀመር ከጥገና ቤቶች ይልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተሻለ አቅም አላቸው። የኮምፒዩተር ክፍሎቻቸው ማሻሻያን በአንድ ማሽን ሳይሞክሩ ለሁሉም ባያሰራጩ፣ የመልሶ ማግኛ ቁልፎችን አስቀድመው ቢመዘግቡ፣ ለጥገና የሚሰጡትንም ሥራ ከጽሑፍ ዝርዝር ጋር ቢቀበሉ፣ ጠጋኞችም መንገዱን ይከተላሉ። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የፈርምዌር መመሪያ የቆመው በሦስት ምሰሶዎች ላይ ነው፦ መከላከል፣ ብልሽትን ማወቅና ማገገም። ሦስተኛው የሚቻለው የሚመለሱበት ጤናማ ቅጂ ሲኖር ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል፤ ቅጂው መወሰድ ያለበት ስክሪኑ ሳይጨልም ነው።