ስለ መታሰቢያ የወርቅ ገንዘብ፤ ዋጋው በሚዛን ይሁን

የወርቅ ገንዘብ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ወርቁ በሚዛን የሚያወጣው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ተቀረጸበት መልክና ጽሕፈት፥ ስለ ቍጥሩም ማነስ ሰዎች የሚጨምሩለት ነው። የፊተኛው በየዕለቱ በዓለም ገበያ ይታወቃል፤ የኋለኛው ግን በሻጭ አንደበትና በገዢ ፈቃድ የሚወጣና የሚወርድ ነው። በዘመናችን መንግሥታት የንጉሥ በዓል ወይም የነጻነት ዓመት መታሰቢያ እያሉ የሚያወጡት የወርቅ ገንዘብ ሲሸጥ ሁለቱ ዋጋዎች ተቀላቅለው ስለሚቀርቡ፥ ገዢው የትኛውን እንደ ገዛ ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ነገር ጥቂት ለማመልከት እንወዳለን።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከደመወዙ ቈጥቦ፥ ለልጆቼ ይተርፋል ብሎ፥ በከፋይ በተለበጠ ሣጥን የተቀመጠ የመታሰቢያ ወርቅ ይገዛል። የሚሰጠው ወረቀት ስለ ሥዕሉ ብዙ ያትታል፥ ስለ ሚዛኑ ግን በአንድ መሥመር ያልፋል። ሰውየው ሲሞት ወራሾቹ ሣጥኑን ይዘው ወደ ነጋዴ ይሄዳሉ፤ ነጋዴውም ሣጥኑን ወደ ጐን ገፍቶ ወርቁን በሚዛን ላይ ያኖራል። ያን ጊዜ አባታቸው ለምን ያህሉ ወርቅ፥ ለምን ያህሉ ደግሞ ለከፋይና ለወረቀት እንደ ከፈለ ይገለጣል። ልጆቹም ተታለልን ብለው ነጋዴውን ይወቅሳሉ፤ ነጋዴው ግን የሠራው አባትየው አስቀድሞ ሊሠራው የሚገባውን ነው። አብርሃም ለመቃብር ቦታ ለኤፍሮን የከፈለውን 400 ሰቅል ብር በሚዛን መስጠቱን ካህናት አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

የራሳችንን አገር ምሳሌ እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለበት የመታሰቢያ የወርቅ ገንዘብ በአምስት ዐይነት፥ ይኸውም የ10፥ የ20፥ የ50፥ የ100 እና የ200 ብር ሆኖ ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ብራችን በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል ነበር። ወርቁ ከሺህ 900 እጅ ንጥር ሲሆን የ200 ብሩ 80 ግራም፥ የ100 ብሩ 40 ግራም፥ የ50 ብሩ 20 ግራም፥ የ20 ብሩ 8 ግራም፥ የ10 ብሩ 4 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ በላዩ ለተጻፈው ለእያንዳንዱ ብር 0.36 ግራም ንጥር ወርቅ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ አምስቱ በአንድነት 136.8 ግራም ንጥር ወርቅ አላቸው። በዚያ ዘመን የወርቅ ሕጋዊ ዋጋ ለአንድ አውንስ 35 የአሜሪካ ዶላር፥ የአሜሪካ ዶላርም 2.50 ብር ስለ ነበረ፥ በ100 ብሩ ውስጥ ያለው ወርቅ 101 ብር ያህል ያወጣ ነበር። የተጻፈበት ዋጋና የሚዛኑ ዋጋ እንዲህ የተቀራረቡበት መሐለቅ ለሚያስተውል ሰው የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

እንዲህ ያልተደረገበትም አለ። የጃፓን መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን የሂሮሂቶን 60ኛ የንግሥና ዓመት ምክንያት በማድረግ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. 20 ግራም ንጥር ወርቅ ያለበት የ100,000 የን ገንዘብ አወጣ፤ የወርቁ ዋጋ ግን ያን ጊዜ ከተጻፈበት ከእኵሌታው ያነሰ ነበር። ስለዚህ እውነተኛ ወርቅ ገዝቶ በማኅተም ማሳተም ብቻ ትርፍ የሚያስገኝ ሥራ ሆነ። በ1990 ከባሕር ማዶ ከገባው ውስጥ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ መሐለቅ ሐሰተኛ ነው ተብሎ ምርመራ ተደረገ። ዛሬ የወርቅ ዋጋ ከፍ ስላለ ያው 20 ግራም ከተጻፈበት ዋጋ እጅግ ይበልጣል፤ ቀድሞ በማኅተሙ ይከበር የነበረ አሁን በሚዛኑ ይከበራል።

አሜሪካውያንም በ1986 የነጻነት ሐውልታቸውን መቶኛ ዓመት ሲያከብሩ 7.52 ግራም ንጥር ወርቅ ያለበት የ5 ዶላር መሐለቅ ሲያወጡ፥ በመሸጫው ዋጋ ላይ ለሐውልቱ ማደሻና ለመሰለው በጎ ሥራ የሚውል 35 ዶላር ጨምረውበት ነበር። ምጽዋቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምጽዋት ከሰጪው እጅ ከወጣ በኋላ ከወርቁ ጋር ተመልሶ አይሸጥም። ይህ መሐለቅ ብዙ ስለ ተሠራ ዛሬ ከሁለተኛ እጅ በወርቁ ዋጋ አቅራቢያ ይገኛል። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ የመታሰቢያ ወርቅ መግዛት የሚወድ ሰው ፊተኛው ገዢ ለከፋዩና ለበዓሉ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ይግዛ። በእኛ አሳብ ከዕለቱ የወርቅ ዋጋ በላይ ከመቶ አምስት የሚበልጥ ጭማሪ የሚጠየቅበት፥ ምክንያቱ በግልጥ ሊነገር ይገባል። በእውነት ቍጥሩ ጥቂት የሆነም አለ፤ እርሱ ግን የሊቃውንትና የቤተ መዘክር ጉዳይ ነው።

በሚዛን ዋጋ መግዛት ለገዢው ብቻ ሳይሆን ለመሐለቁም ይጠቅማል። በ1980 መግቢያ የአንድ አውንስ ወርቅ ከ800 የአሜሪካ ዶላር በላይ በወጣ ጊዜ በየአገሩ ብዙ የመታሰቢያ ገንዘብ ወደ ከውር ገብቶ ቀልጧል። አንጥረኛ ከሚከፍለው ጥቂት ጨምሮ የሚገዛ ሰው ባይገኝ፥ የፊደላችን ጽሕፈት ያለበትም ወርቅ ከዚህ ዕጣ የሚያመልጥበት ምክንያት አይታየንም።

አባቶቻችን የማርያ ትሬዛን ብር ሲቀበሉ በሴትዮዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቈጥሩ እንደ ነበር ይታወቃል። ለወርቅ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምርመራ ያስፈልጋል። መሐለቁ ይመዘን፤ ወርዱና ውፍረቱ ይለካ፤ ቀጥሎም በክር ታስሮ በውሃ ውስጥ ይመዘን። ከላይ ያልነው የ40 ግራሙ መሐለቅ በውሃ ውስጥ 2.3 ግራም ያህል ሊቀልል ይገባዋል። ብዙ የሚቀልል ከሆነ ሌላ ማዕድን ተቀላቅሎበታል። ቱንግስተን የሚባለው ማዕድን ግን ክብደቱ ከንጥር ወርቅ ጋር ስለሚተካከል የውሃው ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ የታመነ አንጥረኛ ሳያየው ገንዘብ አይከፈል።

በአገራችን የወርቅ ግብይትና ወደ ውጭ ማውጣት በሕግ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ከመግዛት በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። የገዛም ሰው የመሐለቁን ክብደት፥ የንጥሩን ልክ፥ የተገዛበትን ቀንና በዚያ ቀን ወርቅ ያወጣ የነበረውን ዋጋ በአንድ ወረቀት ጽፎ ከመሐለቁ ጋር ያኑር። ሣጥኑ ቢጠፋ ግድ የለም።