ቤተ መንግሥት የሚጎበኘው ፈረንጅ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ስብሰባ ልጆቹን ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንውሰድ ስንል፣ አንዳንድ ወገኖች «የጃንሆይን አልጋ አይተው ምን ሊረባቸው ነው? ገንዘቡ ለድንኳን ይዋል» ብለው ተነሡብን። ድንኳኑ ማርጀቱን ማን ካደ? ዳሩ ግን እዚያ ግቢ ያለው አልጋ ብቻ ነው ወይ?

አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ ነው። በበቀሉ ያለቀው ያዲሳባ ሕዝብ ነው። ጣሊያን ያቆመው የስሚንቶ ደረጃ ዛሬም አለ፤ ጫፉ ላይ የኛ አንበሳ ተቀምጦበታል! በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር መኳንንቱ የተረሸኑትም እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ቤቱ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ሲሆን ኋላ ሙዚየም ገባበት።

ደግሞስ እዚያ የተሰበሰበውን የድሮ ሥዕለ ማርያም፣ መስቀሉን፣ በገናውን መኳንንት ሠሩት እንዴ? ስሙን ያልጻፈ ሠዓሊና አንጥረኛ ነው የሠራው፣ የኛው ሰው። ይህን ፈረንጁ ባሕር አቋርጦ ሲያይ የኛ ልጅ ባጥሩ ሥር አልፎ ይሄዳል። ኧረ ያሳፍራል!

ልጁን የሚልክ ወላጅ እስከ ዓርብ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። የድንኳኑ ነገር በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት