ለነጭ ሽንኩርት ስም አላጣንም



አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «አማርኛ ድኻ ቋንቋ ነው፤ ለነጭ ሽንኩርት እንኳ የራሱ ስም ስለሌለው ከቀዩ በቀለም ብቻ ይለየዋል» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም፤ ምክንያቴንም ባጭሩ እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ የሚደነቀው የእንግሊዝኛው ስም «ጋርሊክ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። የፊተኛው ጦር፣ የኋለኛው ሽንኩርት መሰል ተክል ማለት ነው። እነርሱ «ባለ ጦሩ ሽንኩርት» ካሉት፣ እኛ «ነጩ ሽንኩርት» ብንለው የሚያሳፍረን ምንድን ነው? ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ዓ.ም. (እ.አ.አ.) ያጻፈው «አሊየም ሳቲቨም» የተባለው የሳይንስ ስምም ቢተረጐም፣ በሰው እጅ የሚተከል ነጭ ሽንኩርት ከማለት አያልፍም።

ሁለተኛ፤ በትግርኛ «ጻዕዳ ሽጉርቲ»፣ በኦሮምኛ «ቁሉቢ አዲ» ይባላል። ጻዕዳም አዲም ነጭ ማለት ነው። ስለዚህ አሰያየሙ የአማርኛ ጉድለት ሳይሆን ጎረቤታሞች የሚጋሩት አስተያየት ነው።

ሦስተኛ፤ ራሱን የቻለ ስም ለሚሹም ግእዝ «ሶመት» የሚል ቃል አለው። ይህም ከዕብራይስጡ «ሹም»ና ከዐረብኛው «ሱም» ጋር የሚዛመድ ጥንታዊ ቃል ነው።

ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ ገበያ ወርደን «ሶመት ስንት ነው?» እንበል ማለቴ አይደለም፤ ባለ ጉልቷ ትስቅብናለች። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። የቤታችንን ስም የናቅን እንደ ሆነ፣ ከስሙ ጋር ያለውንም ዕውቀት እንንቃለን። በርበሬ ሲደለዝ ምን ያህል ነጭ ሽንኩርት እንደሚገባ፣ ቅቤ ሲነጠር ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር መቼ እንደሚጨመር እናቶቻችን የሚያውቁት በመጽሐፍ አይደለም። ሳንጠይቃቸው ከቀረን የሚነግረን አናገኝም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ በባዮሎጂ ደብተራችን ከላቲኑ ስም አጠገብ በየቤታችን የሚጠራበትን ስም እንጻፍ። መምህራኖቻችን ለዚህ ጥቂት ደቂቃ ቢሰጡን፣ ወላጆቻችንም ስንጠይቃቸው ሳይሰለቹ ቢመልሱልን፣ አንድ ክፍል በዓመት ውስጥ የብዙ ዕፀዋትን ስም ሊሰበስብ ይችላል። ቋንቋችን ድኻ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ጓዳውን እንፈትሽ እላለሁ።